«አባዬ፣ ቱርቦ እናስገጥምለት!»

እሺ ከማለትዎም ሆነ ከመቆጣትዎ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነገሮች

እሑድ ከሰዓት ነው እንበል። ቤተሰቡን ይዘው ዱከም ወርደው ነበር። ቁርጡም ጥብሱም ተበልቷል፤ ልጆቹ ጠግበው የኋላ ወንበር ላይ ተደላድለዋል። ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ግን መኪናዎ ማቃሰት ይጀምራል። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ቢረግጡትም ፍጥነት አይጨምርም። ማርሽ ሲቀንሱለት ይጮሃል እንጂ አይሄድም። ከኋላዎ የደረሰው ሲኖትራክ ጡሩምባውን ይነፋና አልፎዎት ይሄዳል። ይሄኔ ታላቁ ልጅዎ አንገቱን በወንበሮቹ መሐል ብቅ ያደርግና፣ «አባዬ፣ ለምን ቱርቦ አናስገጥምለትም? ርካሽ አለ እኮ! የሚገጥም ልጅም አውቃለሁ» ይላል።

አባት ከሆኑ የመጀመሪያ መልስዎ «አርፈህ ተቀመጥ» ሊሆን ይችላል። እናት ከሆኑ ደግሞ «በየትኛው ገንዘብ?» ማለትዎ አይቀርም። ሁለቱም መልስ ያስኬዳል። ጥያቄው ግን ከዚያ የተሻለ መልስ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ልጁ ግማሹን ልክ ነው። መኪናዎ በእርግጥ ጉልበት አጥሯታል። ያጠራትም ስላረጀች ብቻ አይደለም።

ጉዳዩ ዛሬ ከወትሮው የበለጠ የቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ብዙ ቤተሰብ በእጁ ያለችውን መኪና እየጠገነ ማቆየትን መርጧል። ያቺን አንድ መኪና የሚያሻሽል ሐሳብ ሁሉ ጆሮ ይስባል፤ ያቺን አንድ መኪና የሚያበላሽ ሐሳብም እንዲሁ ሊያሳስብ ይገባል።

አየሩ ሲሳሳ

የመኪና ሞተር እሳት ነው። እሳት ደግሞ ነዳጅ ብቻ ሳይሆን አየር ይፈልጋል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል።

ከጅቡቲ ወደብ የተነሳች አንዲት መኪና በሐሳብ እንከተል። ፋብሪካው «100 የፈረስ ጉልበት አላት» ብሎ የሸጣት፣ ቱርቦ የሌላት የቤት አውቶሞቢል ናት። ወደቡ ላይ፣ ከባሕሩ አጠገብ፣ መቶውም አላት። አዋሽ ስትደርስ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ወጥታለች፤ የሚቀራት ጉልበት 89 ያህል ነው። አዳማ ላይ ወደ 82 ይወርዳል። ዱከም ከፍታዋ 1,950 ሜትር ገደማ ስለሆነ እዚያ ስትደርስ 79 ይሆናል። 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ካለው የአዲስ አበባ መሐል ስትገባ 75 ብቻ ይዛለች። ቁጥሮቹ ከአየር ግፊት የተሰሉ ግምቶች ናቸው፤ የቀኑ ሙቀትና የሞተሩ ጤንነት ከፍ ዝቅ ያደርጓቸዋል። ቁም ነገሩ ግን አይለወጥም፦ ከጉልበቷ ሩቡን መንገድ ላይ ጥላው መጥታለች።

ማስረጃውን ከማእድ ቤትዎ ያገኙታል። ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ዱከም ላይ ከ94 ዲግሪ በታች ይፈላል። ሽምብራው ድስት ላይ የሚከርመው፣ በግፊት የሚያበስለው ድስትም በየቤቱ የተወደደው ለዚህ ነው። ሽምብራውን የሚያዘገየውና መኪናውን የሚያደክመው ያው አንድ ነገር፣ የአየሩ ግፊት ማነስ ነው።

ያ ጡሩምባውን ነፍቶ ያለፈዎት ሲኖትራክ ታዲያ ለምን እንደ እርስዎ መኪና አልደከመም? ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ቱርቦ ስላለው ነው። የኤሌክትሪክ መኪናም በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ ሞተሩ አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም።

ማራገቢያው

ከሰሉ አልያያዝ ሲል ማራገቢያ አንስተው ያራግቡታል። ከሰል አልጨመሩም፤ የጨመሩት አየር ነው፤ ፍሙ ግን ይቀላል። ቱርቦም ሥራው ይኸው ነው። በአንድ ዘንግ ላይ የተተከሉ ሁለት ትናንሽ መዘውሮች አሉት። አንደኛውን በማርሚታው በኩል ሊወጣ የነበረው ትኩስ ጭስ ያሽከረክረዋል። ሁለተኛው አብሮት እየዞረ ንጹሕ አየር ስቦ፣ አምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ይቻላል፤ ጉልበት ይጨምራል። ፍጥነቱ ግን የማራገቢያ አይደለም፤ ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይዞራል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አልፍሬድ ቡሂ የተባለው የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ለፈጠራው ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ለእኛ አገር ሰው ይበልጥ የሚገባው ታሪክ ግን በ1918 የተደረገው ሙከራ ነው። ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር ጭኖ በኮሎራዶ ግዛት ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ ወጣ። ከፍታው 4,300 ሜትር ገደማ ነው። በባሕር ጠለል ላይ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ። ቱርቦው ሲገጠምለት 356 ሰጠ። እንግዲህ ቱርቦ በዚያ ተራራ ላይ ራሱን ያስመሰከረው ለእሽቅድምድም ተብሎ ሳይሆን ከፍታ የወሰደውን ጉልበት ለማስመለስ ነው። ልጅዎ ግማሹን ልክ ነው ያልነውም ለዚህ ነው።

ትንሹ ቁጥር

አሁን ወደ ሌላው ግማሽ እንለፍ። ዱከም ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር የሚያንሰው በ0.2 ባር ገደማ ነው፤ መካኒኮች በሚናገሩት መለኪያ ወደ 3 ፒኤስአይ። አዲስ አበባ ላይ ልዩነቱ 0.25 ባር ይደርሳል። ስለዚህ ቱርቦው ይህችን ያህል ብቻ ቢገፋ፣ መኪናዎ ጅቡቲ ላይ የነበራትን ጉልበት ታገኛለች ማለት ይቻላል። ሞተሩም ፋብሪካው ካሰበለት ጫና ብዙም አይርቅም። «ብዙም» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፤ ጭሱም ቱርቦውን ለማዞር ሲታገል ሞተሩ ላይ ተጨማሪ ሙቀት ይከማቻል።

ችግሩ ማንም ወጣት 0.2 ባር ላይ አለማቆሙ ነው። 0.2 ጣዕሙን ያሳያል፤ 0.5 ደግሞ ያስፈነድቃል፤ ቀጥሎ 0.8 ይመጣል። ከ0.2 በላይ ያለው እያንዳንዱ ግፊት ከፍታ የወሰደውን ማስመለስ መሆኑ ቀርቶ ፋብሪካው ያላሰበው ጭነት ይሆናል። ፒስተኑም፣ የቴስታታው ጋርኒሲዮንም፣ ፍሪሲዮኑም የተሠሩት ለዚያ አይደለም።

ሌላም ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ዱከም ጋራዥ ውስጥ በጥሩ ሁኔታ የተስተካከለ ሞተር አዋሽ ሲወርድ ሌላ ሞተር ይሆናል። ቱርቦው የሚገፋው መጠን ባይለወጥም፣ የሚገፋው ቀድሞውኑ በወፈረው አየር ላይ ስለሆነ ሞተሩ ውስጥ የሚገባው ድምር ይበልጣል። ነዳጁ በዚያው ልክ ካልጨመረ ደግሞ ቃጠሎው አየር ይበዛበታል፤ ሙቀቱ ከልክ ያልፋል። በዚያ ላይ የቆላው ሐሩር አለ። ቤተሰብ ጭነው ለበዓል ወደ ድሬዳዋ የሚወርዱ ከሆነ ይህ የወረቀት ሂሳብ አይደለም።

ርካሹ ዕቃና የማይታየው ሂሳብ

«ርካሽ አለ» የሚለው ውሸት አይደለም። ከቻይና የሚመጡ ቱርቦዎች አሉ፤ ሱማሌ ተራ ገብቶ ከሌላ መኪና የተፈታ ፈልጎ ማግኘትም ይቻላል። ግን ቱርቦውን መግዛት የሠርጉን ኬክ እንደ መግዛት ነው፤ ሠርጉ ገና አልተደገሰም።

ዘይት። የቱርቦው ዘንግ የሚንሳፈፈው እጅግ በሳሳ የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ዘይቱን የሚያመጣ ቱቦ ያስፈልጋል፤ ወደ ሞተሩ የሚመልስ ሰፊ ቱቦም ያስፈልጋል። የቆሸሸ ዘይት ወይም ለጥቂት ሰከንድ የተቋረጠ ዘይት ቱርቦውን ይገድለዋል። «ትንሽ ይቆይ» እያሉ የዘይት መቀየሪያ ጊዜ የሚያሳልፉ ከሆነ ቱርቦ ለእርስዎ አልተሠራም።

ነዳጅ። ብዙ አየር ብዙ ነዳጅ ይፈልጋል። ኢንጀክተር ያላቸው መኪኖች ትላልቅ ኢንጀክተሮችና ጠንካራ የነዳጅ ፓምፕ፣ ከዚያም ኮምፒውተራቸውን በሚያውቅ ሰው እንደገና ማስተካከል ይፈልጋሉ። ወጣቶች የሚወዷት ኮሮላ ዲኤክስ ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት። ሞተሯ ቀላል ነው፤ የምትገፋውም በኋላ ጎማ ስለሆነ ለሙከራ ትመቻለች። ነገር ግን ባለ ካርቡሬተር ናት። ታምቆ የሚመጣው አየር ነዳጁን ወደ መጣበት ስለሚመልሰው፣ ካርቡሬተሩ በደንብ መደፈን፣ የነዳጅ ፓምፑም ከአየሩ በላይ መግፋት አለበት።

ቅዝቃዜ። የታመቀው አየር ሞተሩ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚቀዘቅዝበት ኢንተርኩለር ያስፈልጋል። ራዲያተሩም ሊታሰብበት ይገባል። የራዲያተር ክዳን እንደ ግፊት ድስት ክዳን ነው፤ ግፊት ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። እኛ ከፍታ ላይ ውሃው ቀድሞም ቶሎ የሚፈላ በመሆኑ፣ ያረጀ ክዳን ይዞ ቱርቦ ማስገጠም ሙቀትን ቤት ድረስ መጋበዝ ነው።

እነዚህ ሁሉ ቀርተው ቱርቦው ብቻ ቢገጠምስ? መኪናው ይሄዳል። የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይላል። ከዚያ ዳገት ላይ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር የሚያንቀጫቅጩ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። መካኒኮች «ሞተሩ ይመታል» ይላሉ። ነዳጁ ጊዜውን ሳይጠብቅ እየፈነዳ ፒስተኑን ከላይ እየመታው ነው ማለት ነው። ይህን ድምፅ ሰምቶ ጉዞውን የቀጠለ ሰው የቀለጠ ፒስተን ሊያገኝ ይችላል። ያኔ ርካሹ ቱርቦ የአንድ ሙሉ ሞተር ዋጋ አስወጣ ማለት ነው፤ ልጆቹም ትምህርት ቤት የሚሄዱት በታክሲ ይሆናል።

መቆም የማይችል አይፍጠን

የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲከፈት በአገራችን የመጀመሪያው ነበር። 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ በዱከም አቅራቢያ የሚያልፍ ባለ ስድስት መስመር መንገድ ነው። አዲስ ጉልበት ያገኘ መኪና የሚፈተነው እዚህ ላይ መሆኑን ልጅዎ ባይነግርዎትም ያውቁታል።

ስለዚህ አንድ ሂሳብ አብራችሁ ሥሩ። መኪና ሲቆም ፍሬኑ የሚያጠፋው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ እጅግ ፈጥኖ ይጨምራል። በሰዓት ከ80 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ሲያድጉ ፍጥነቱ የጨመረው በግማሽ ነው፤ ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ኃይል ግን ከእጥፍ ያልፋል፤ 2 ነጥብ 25 ጊዜ ይሆናል። የፍሬን ሸራው፣ ጎማውና ሞላው የቀድሞዎቹ ከሆኑ፣ የተሻሻለው መሄዱ እንጂ መቆሙ አይደለም። የኋላ ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ ደግሞ እርስዎ ያውቃሉ።

የወረቀቱንም ነገር አይርሱ። ሞተሩ ላይ ለውጥ ያደረገ መኪና ለዓመታዊ ምርመራና ለቦሎ ሲቀርብ ጥያቄ ሊነሳበት ይችላል። ሙሉ ዋስትና ካለዎት ደግሞ ከሥራው በፊት የመድን ድርጅትዎን ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። አደጋ ከደረሰ በኋላ «አልነገሩንም ነበር» መባል ከቱርቦው በላይ ይከብዳል።

ገንዘቡን ከማውጣትዎ በፊት

የጠፋውን ጉልበት ሁሉ ከፍታው አልወሰደውም። ዱከም ላይ 79 መስጠት የነበረባት መኪና 60 የምትሰጥ ከሆነ፣ ልዩነቱን የበላው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ማስመለስ ደግሞ ከቱርቦ በብዙ ይረክሳል። በቅደም ተከተል ይሂዱ።

የአየር ፊልትሮውን አውጥተው በብርሃን ይመልከቱት። የዱከም የመንገድ ዳር አቧራ ከጠቀጠቀው ሞተሩ ቀድሞ የሳሳውን አየር በጨርቅ ውስጥ እየሳበ ነው። ካንዴላዎቹን ያስፈትሹ፤ ካረጁ ይቀየሩ። ኢንጀክተሮቹ ወይም ካርቡሬተሩ ይጽዱ። የጎማ ነፋስ ያስለኩ። ከጉዞ በኋላ ቸርኬዎቹን በጥንቃቄ በእጅዎ ጠጋ ብለው ይሞክሩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬኑ ይዞ እየጎተተዎት ነው።

ከዚያ ኮምፕሬሽን ያስለኩ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። የመኪናው መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው፤ ከፍታ ላይ ጤነኛ ሞተርም ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ስለዚህ ዝቅ ማለቱ ብቻ አያስደንግጥዎ። የሚያሳስበው አራቱ ሲሊንደሮች ሲነጻጸሩ አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ማነሱ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ላይ ቱርቦ መግጠም የታመመን ሰው እንደ ማስሮጥ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መኪናዎ ከበቃችዎት ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ኪስዎም ያመሰግንዎታል።

ከዚህም አልፎ ቱርቦ ከተፈለገ

ያም ሆኖ ቱርቦ ማስገጠም ሁሌም ሞኝነት አይደለም። የቤተሰቡ ሸክም የሌለባት ሁለተኛ መኪና ካለች፣ ልጁም ሙያውን መማር ከፈለገ፣ አሮጌ ዲኤክስ ላይ እየፈታ እየገጠመ የሚማረው ነገር በክፍል ውስጥ አይገኝም። ዱከም ራሷ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን መቀመጫ፣ የሊፋን አውቶሞቢሎችም ሲገጣጠሙባት የቆየች ከተማ ናት፤ የሞተር ሙያ እዚህ እንጀራ ነው። ሁኔታው ይህ ከሆነ ለመካኒኩ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ያቅርቡ።

ግፊቱን ስንት ላይ ነው የምትገድበው? በምን? ቁጥር ካልጠራ፣ ዌስትጌቱንም ካላሳየዎት ይመለሱ። የግፊት ጌጅና የዘይት ግፊት መብራት ሹፌሩ በሚያያቸው ቦታ ይሆናሉ? ነዳጁን በምን መሣሪያ ነው የምትለካው? «በጆሮዬ» ካለዎት አመስግነው ይውጡ። ቆላ ወርደን እንፈትሸዋለን? ፍሬኑ ከቱርቦው በፊት ይሠራል? እስካሁን የገጠምካቸው መኪኖች ከዓመት በኋላ የት ናቸው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፤ ከቻሉ ባለቤቶቹን ራሳቸውን ያነጋግሩ።

ከተገጠመም በኋላ ሁለት ልማዶች አይለወጡም። ጠዋት ዘይቱ ሳይሞቅ አይረገጥም። ከረጅም ዳገት ወይም ከፈጣን ጉዞ በኋላ ደግሞ ሞተሩ ወዲያው አይጠፋም፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ባለበት ይሥራ፤ የጋለው ቱርቦ በዘይቱ ይቀዝቅዝ።

እንግዲህ እሑድ ወደ ነበሩበት መንገድ እንመለስ። ልጅዎ ከኋላ ሆኖ መልስ እየጠበቀ ነው። «አርፈህ ተቀመጥ» ቢሉት ጓደኛው ያውቀዋል ወዳለው ጋራዥ ብቻውን ሊሄድ ይችላል፤ ምናልባትም የእርስዎን ቁልፍ ይዞ። ይልቅ እንዲህ ይበሉት፦ «ቅዳሜ አብረን ኮምፕሬሽን እናስለካለን። ፊልትሮውንና ካንዴላውን አንተ ትቀይራለህ፤ ፍሬኑንም አብረን እናሠራለን። ከዚያ ስለ ቱርቦው እናወራለን።»

ቅዳሜ ኮፈኑ ሥር አብራችሁ ጎንበስ ስትሉ፣ ልጅዎ ስለ ሞተር ብዙ ነገር ሳያውቅ እንደማይቀር ሊገርምዎ ይችላል። እርስዎም ስለ ልጅዎ የማያውቁት ነገር መኖሩ እንዲሁ። በሚቀጥለው እሑድ ከዱከም ስትመለሱ መኪናዋ ቀለል ብሏት ዳገቱን ከወጣች፣ ምሳውን ልጅዎ ቢመርጥ ይገባዋል።